ኖር የተከለከለበት ሰርግ

ትናንት ሌሊት አካሌ አልጋዬ ላይ ተኝቶ እኔ ሰርግ ቤት አስታጣቢ ሆኜ ነው ያደርኩት። በግራ እጄ ሳፋ፣ በቀኝ እጄ ማንቆርቆሪያ፣ ትከሻዬ ላይ ፎጣ ነበረ። የወንድሜ የሱራፌል ሰርግ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ምክንያቱም ሱራፌል ራሱ ውጭ ቆሞ የእንግዶችን መኪና ይጠብቅ ነበር። ሙሽሪት ደግሞ ቬሎዋን ሰብስባ ጎማ ታጥባለች። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። በሕልም ማን ይጠይቃል።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ማታ ለሰርጉ የሚጠሩትን ሰዎች ስም ኮምፒውተሬ ውስጥ አስገብቼ፣ ሲነጋ ለእያንዳንዱ ሰው በስልኩ የጥሪ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ስሠራ እማዬ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች።

"ምንድን ነው ይሄ ስትነካኪው ያመሸሽው?" አለችኝ።

ብዙ ነገር ተደርድሮ አንድ ላይ የሚቀመጥበትን እኛ ኮንቴይነር እንለዋለን፣ ከመጀመሪያው ተነስቶ አንድ በአንድ የሚያዳርሰው ደግሞ ኢተሬተር ይባላል አልኳት። ፊቷን አጨማደደች። እኔም ነገሩን ወደ ቤት አመጣሁላት። "አስታጣቢ በይው እማዬ። ስንት እንግዳ እንዳለ አያውቅም። ፊቱ ያለውን ያስታጥባል፣ ከዚያ ቀጣይ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ካለ ይሻገራል፣ ከሌለ ያቆማል።"

"ብቻ ሰው እንዳይዘል" አለች። የማንን ነገር እንደምታስብ ገባኝ።

የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሽ ንጋቱ በእህቴ ሰርግ ላይ ተዘሏል። አስታጣቢዋ እሱ ጋ ልትደርስ ስትል አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። ድንኳኑ በሙሉ "ኖር" ብሎ ተነሳ፣ ወንበር ተለቀቀላቸው፣ ሰው ሁሉ ተሸጋሸገ። ልጅቷ ጋሽ ንጋቱን ያስታጠበች መስሏት ከሱ ቀጥሎ ወዳለው ሄደች። እሱ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። እህል ሳይቀምስ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህም ደጃችንን አልረገጠም። እማዬ ደግሞ ኩራቷ አይጣል ነው፤ ስልክ አንስታ "ና" አላለችውም። ማታ ግን የሱ ስም ገብቶ እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችኝ። መጨረሻ ላይ አስገብቼዋለሁ አልኳት። "እኔ አስገቢው አላልኩም" አለች። መኝታዋ በር ላይ ስትደርስ ደግሞ ዞር ብላ "ይሄን ሰርግ ከቀረ ግን አለቀ፣ ወንድም የለኝም ማለት ነው" አለችና ገባች። እኔ ይህን ይዤ ነው የተኛሁት።

እና ሰርጉ የተደገሰው በረጅም የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ነበር፤ በየሰፈሩ ሱቅ የሚከፈትበት ዓይነት፣ ርዝመቱ ግን አይጣል ነው። እንግዶቹ በአንድ ወገን በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። በሌላው ወገን ድስቶቹ ወረፋ ይዘው ሰው እስኪቀርብላቸው ይጠብቃሉ። አንዳንዶቹ ርቧቸው ክዳናቸውን ያንኳኳሉ። በሩ ላይ ደጋሹ ቆሟል፤ ሱፍ የለበሰና ከረባት ያሰረ ሙክት በግ ነው።

"አስታጣቢዋ አንቺ ነሽ?" አለኝ በጉ።

"ነኝ።"

"ሥራውን ታውቂዋለሽ?"

"አላውቀውም።"

"ጥሩ። የሚያውቁት ናቸው ያስቸገሩን" አለና ሕጉን ነገረኝ። ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የለም። የምሻገረው አንድ በአንድ ነው። ከመጨረሻው እንግዳ ቀጥሎ አበባ የታሰረበት ባዶ ወንበር አለ፤ እዚያ ስደርስ ሥራዬ አበቃ። በባዶው ወንበር ላይ ግን ውሃ ጠብ ማለት የለበትም።

"ጠብ ቢልስ?"

"እሱን የሚያውቅ የለም" አለ በጉ። "ያየው ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚያወራው።"

"ሰው ብዘልስ?"

"የተዘለለ ሰው ይወጣል፣ ከወጣም አይመለስም። እዚህ ቤት ይቅርታ የሚባል ነገር አልተሠራም።"

አንገቴን ሰግጌ ወደ መጨረሻው አየሁ። ከአበባው ወንበር በፊት የተቀመጠው ጋሽ ንጋቱ ነበር። ከሱ በፊት እማዬ አለች። ወንድምና እህት ጎን ለጎን ተቀምጠው ጀርባቸውን ተሰጣጥተዋል። እስከነሱ ድረስ ያለው እንግዳ ብዙ ነው። ብቻ ጋሽ ንጋቱ ሳይሰለች እደርሳለሁ ብዬ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ወንበር ላይ አቶ ገብረየስ ተቀምጠዋል፤ የሰፈራችን ጡረተኛ ናቸው። እጃቸውን አሻሽተው ታጠቡ፣ "ተባረኪ" አሉኝ። አንድ እርምጃ ልሻገር ስል በሩ ተከፈተና ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ጋቢ ደርቦ ከዘራ ይዞ ገባ።

"ኖር!" አለ ኮንቴይነሩ በሙሉ። ሽማግሌዎቹ ተንጋግተው ተነሱ።

"በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጡ፣ አትነሱ" አለ ሕፃኑ በእጁ ምልክት እያሳየ።

እንዴት ተደርጎ። የመጀመሪያው ወንበር ተለቀቀለት፣ ሁሉም አንድ አንድ ወንበር ወደ ታች ወረደ። እኔም ሕጉን ጠብቄ ወደ ሁለተኛው ወንበር ተሻገርኩና ውሃዬን አዘነበልኩ። እጆቹ የአቶ ገብረየስ ነበሩ።

"አሁን ታጥቤ ነበር እኮ ልጄ።"

"ቀጣዩ እርስዎ ነዎት።"

"ሕጉ ከሆነ ምን ይደረጋል" ብለው እንደገና ታጠቡ። ሦስተኛው ወንበር ጋ ስሻገር መነጽር ያደረገች ጥርስ ያላወጣች ልጅ ገባች። ኖር ተባለ፣ ተነሱ፣ ተሸጋሸጉ፤ ሦስተኛው ወንበር ላይ አቶ ገብረየስ ጠበቁኝ። እንግዳ በገባ ቁጥር ሰው ወደ ታች ይገፋል፣ እኔም በተሻገርኩ ቁጥር የማገኘው እሳቸውን ነው። እጃቸው ነጣ፣ ከዚያ ለሰለሰ፣ ቀለበታቸው ሾልኮ ሳፋው ውስጥ ገባ።

"ልጄ፣ ቆዳዬን ተዪልኝ" አሉኝ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ከኋላዬ ደግሞ የገቡት ሕፃናት "እኛስ? እኛን ማን ያስታጥበን?" እያሉ ያጉረመርማሉ። ወደ ኋላ የለም አልኳቸው። ከዚህ ሁሉ ወዲያ ጋሽ ንጋቱ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ለእያንዳንዱ ሕፃን ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳው ደግሞ እሱ ነው፤ ጨዋነቱ አይጣል።

በጉን ጠራሁት። "እንግዳ መግባቱ ካልቆመ እኔ እዚህ አቶ ገብረየስን ሳጥብ ነው የማረጀው" አልኩት።

"የተጠራ እንግዳ ከበር ይመለስ? ነውር አይደለም እንዴ?" አለ። ግን አቶ ገብረየስን ሲያያቸው አሳዘኑት መሰለኝ፣ ሄዶ በሩን ከውጭ ወደ ውስጥ እንዳይከፈት አደረገው። "ከውስጥ ወደ ውጭ ግን አልከለክልም። እንግዳ አይታሰርም።"

ደህና ሆነ ብዬ ልቤ ረጋ። ለካ የባሰው ገና ነው። በዚያ አገር ሰው የሚጠግበው እጁን ሲታጠብ ኖሯል። አቶ ገብረየስ "እህ፣ በቃኝ፣ ጠገብኩ፣ ቤቱን የደስታ ያድርገው" ብለው ሆዳቸውን እየዳበሱ ወጡ። ወንበራቸው ክፍት እንዳይሆን ሁሉም አንድ አንድ ወደ ላይ ተጠጋ። እኔ ስሻገር፣ ቀጥሎ የነበሩት ሴትዮ ቀድመውኝ የአቶ ገብረየስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበርና ከኋላዬ ቀሩ። እጃቸው እንደተዘረጋ በዓይኔ ጥግ አየሁት። መመለስ ፈለግሁ፤ እግሬ እንቢ አለኝ። የኋላ ማርሽ የሌለው መኪና ሆኛለሁ።

አንዱን አስታጥባለሁ፣ ጠግቦ ይወጣል፣ ይጠጋጋሉ፣ አንዱ ይዘለላል። የታጠበው ሲወጣ "ተባረኪ" ይለኛል፣ የተዘለለው ሲወጣ ምንም አይለኝም። ምንም ያላሉኝ ናቸው የከበዱኝ።

እማዬ ጋ ልደርስ አንድ ወንበር ሲቀረኝ ያስታጠብኩት ሰውዬ ተነስቶ ወጣ። ጎኑ የነበረውና ቀደም ብሎ የተዘለለውም ተቀይሞ አብሮት ወጣ። ሁሉም ወደ ላይ ተጠጋ። እማዬና ጋሽ ንጋቱ ባጠገቤ ሸርተት ብለው ወደ ኋላዬ አለፉ፤ እኔ አንድ ተሻገርኩ፣ ማንቆርቆሪያዬንም አዘነበልኩ። ከፊቴ አበባ የታሰረበት ባዶ ወንበር ነበር። እጄን ስሰበስብ አንዲት ጠብታ አመለጠችኝ።

ያኔ ሰርጉ ሰርግ መሆኑ ቀረ። በጉ በዜና አንባቢ ድምፅ የነገውን የአየር ጠባይ መናገር ጀመረ። ድስቶቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሱራፌል ከውጭ ገባና እሱ ወንድሜ ሳይሆን የቀበሌው አዳራሽ መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ፤ ጣሪያው እንደሚያፈስም ነገረኝ። አበባዎቹ እየተነሱ ለወንበሮቹ ኖር ይላሉ። ይሄ ሁሉ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ከኋላዬ የሰማሁት የጋሽ ንጋቱ ድምፅ ነው።

"እኔማ ለምጄዋለሁ" አለ።

ከዚያ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሊወጣ ተነስቷል ማለት ነው። እማዬም ሰምታለች፤ ትንፋሿን ስትይዝ ይታወቀኛል። የፈራሁት ያኔ ነው።

"ማንም አይነሳ!" ብዬ ጮኽኩ። "ወደ ኋላ የለም አላችሁ፣ እሺ። ከመጀመሪያው እንደገና መጀመርስ?"

በጉ የአየር ጠባዩን አቋረጠ። ቀንዱን አከከ፣ ድስቶቹን አማከረ። "እንደገና መጀመር የከለከለ የለም" አለ።

"እንግዲያው እጀምራለሁ። ግን ጀምሬ እስክጨርስ ማንም አይግባ፣ ማንም አይውጣ፣ ማንም ለማንም አይነሳ።"

"ማንም ለማንም አይነሳ?" አሉ አቶ ገብረየስ፤ ታጥበው ከወጡት ጋር መቼ እንደተመለሱ እንጃ፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። "ትልቅ ሰው ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ? ከየት ነው የተማርሽው ልጄ? እናትሽ እንዲህ አላሳደገችሽም።"

"እስክጨርስ ብቻ ነው" አልኳቸው። "ከጨረስኩ በኋላ ሲነሱ ሲቀመጡ ይዋሉ።"

ጉርምርምታው በረታ። የተነሳው ጋሽ ንጋቱ ተመልሶ የተቀመጠው ያን ጊዜ ነው። "እስኪ እናያለን" አለ፣ ለኔም ለማንም ሳይሆን ለከረባቱ። እሱ ሲቀመጥ ሌላውም ተቀመጠ።

ጀመርኩ። ወዲያው በሩ ላይ ጥላ አረፈ። በዳይፐር የተጠቀለለ፣ እትብቱ ገና ያልደረቀ፣ ከተጠሩት ሁሉ ትልቁ ሰው መጥቶ ቆመ። ማንም አልተነሳም። እንዲህ ዓይነት ስቃይ አይቼ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ብድግ ሊሉ ሲሉ ሚስታቸው በኮታቸው ጫፍ ጎትተው አስቀመጧቸው። አንዷ እመቤት ሁለት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ተጭነው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጉ ዓይኑን በጆሮው ሸፈነ። ሕፃኑ ሰዓቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ማንም ዞር አላለም።

"ሥልጣኔ ይሄ ከሆነ ይቅርብን" አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ። ግን እጁን ዘረጋ፣ እኔም አስታጠብኩት።

እንዴት ደስ ይል እንደነበር። አንድ እጅ፣ ቀጥሎ ሌላ እጅ። ቀለም የነካው እጅ፣ ሽንኩርት የሚሸት እጅ፣ ሰዓት እንዳይርስበት ወደ ላይ የተገፋ እጅ፣ ለሰላምታ የተጠራ የመሰለው ሞኝ እጅ። ማንም አልተገፋም፣ ማንም አልተዘለለም፣ አቶ ገብረየስም አንዴ ታጥበው ተገላገሉ። ማንቆርቆሪያው አልጎደለም። ቢሮ ውስጥ ፕሮግራሜ ሳይሰናከል ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ የማገኘው ደስታ ነው፤ እዚህ ግን ሰዎቹ "ተባረኪ" ይሉኛል፣ ቢሮ ውስጥ የሚለኝ የለም።

እማዬ ጋ ደረስኩ። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

"እዚያ ያለው ሰውዬ ይቅደም በይው" አለች። "ታላቅ ነው።"

"መዝለል የለም እማዬ።"

"እኔ ከሱ በፊት እጄን ውሃ አይነካውም።"

ጋሽ ንጋቱ ጀርባውን እንደሰጠን "ለእናትሽ ንገሪያት" አለኝ። "የቤቱ እመቤት እሷ ናት፣ እሷ ትታጠብ።"

"አልታጠብም በይው።"

"በሞቴ በያት።"

እማዬ ድንገት ዞረች። "በሞቴ አለ?"

"አዎ፣ በሞቴ ነው ያለው።"

"ምነው፣ እኔ ልሙት እንጂ" አለች። ወንበሯን እየጎተተች ወደሱ ተጠጋች። "ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? እስከዛሬ ድረስ? ላንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ?"

"ውሃውን መቼ አልኩ" አለ ጋሽ ንጋቱ፤ እሱም ዞረ። "ሳትጠሪኝ ቀረሽ። አንዴ ና ብትዪኝ እመጣ ነበር።"

"አንተስ ሳልጠራህ ብትመጣ ማን ይመልስህ ነበር?"

ሁለቱም እጃቸውን በኔ ሳፋ ላይ ዘረጉ። አራቱም እጆች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ትንሿ ጣታቸው በአንድ በኩል ትጎብጣለች። ዕድሜዬን ሙሉ አይቼው አላውቅም።

"አንድ በአንድ ነው" አለ በጉ ከበሩ።

"አርፈህ ተቀመጥ አንተ" አለችው እማዬ።

ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ፣ አዘነበልኩ፣ ውሃው ከአፉ ሊወርድ ሲል እማዬ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ።

ነግቷል። እማዬ አልጋዬ ዳር ቆማ በሹክሹክታ ትጮኻለች። "ተነሺ፣ ተነሺ። ንጋቱ መጥቷል። ሱፉን ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል።"

"የቱ ንጋቱ?"

"ስንት ንጋቱ አለኝ? ወንድሜ ነዋ። በሩን ስከፍትለት 'በቃ፣ እሺ ብያለሁ፣ ልመናውን ተዪው' አለኝ። ምኑን ነው እሺ ያለው? ማን ለመነው?"

ብድግ ብዬ ኮምፒውተሬን አየሁ። ፕሮግራሙ እንዳዘዝኩት ሲነጋ ተነስቶ መላክ ጀምሯል፤ እስካሁን መጨረስ ነበረበት፣ ግን ገና እየሄደ ነው። ከስሞቹ በላይ እኔ ያላስገባኋቸው ብዙ ስሞች ተደርድረዋል።

"እማዬ፣ ይሄን ነክተሽዋል?"

"ቅድም ጸሎቴን ጨርሼ ስቀመጥ ያልጠራናቸው ሰዎች ትዝ ይሉኝ ጀመር። ማታ ስታደርጊ እንዳየሁት ጨመርኳቸው። ምነው፣ አበላሸሁ እንዴ?"

"ለምን ከላይ ጨመርሻቸው?"

"ታዲያ ሰው ከታች ይጻፋል?" አለች ተቆጥታ። "የመጣልኝን ሁሉ በክብር ከላይ አደረግኩት። በእገሌ ሥር ተጻፍኩ ብሎ የሚቀየም እንዳይኖር።"

እሷ ስትጀምር ፕሮግራሙ ሌላውን ሁሉ አዳርሶ የመጨረሻው ሰው ጋ ደርሶ ነበር። የመጨረሻው ሰው ጋሽ ንጋቱ ነው። እማዬ አንድ ስም ከላይ ባስገባች ቁጥር ሁሉም አንድ ወደ ታች ይገፋል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በየመልእክቱ መካከል ትንሽ አርፎ ቀጣይ አለ ወይ ብሎ ሲሻገር መልሶ ጋሽ ንጋቱን ያገኘዋል። የጨመረቻቸው ሰዎች አንዳቸውም አልተጠሩም። የሁሉም ጥሪ የሄደው ለሱ ነው፤ እኔ በጻፍኩት ቃል፣ በእማዬ ስም፦ "እባክዎ አይቅሩብኝ። ጥሩወርቅ።"

ይህን ስነግራት አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች።

"ስንቴ ነው የደረሰው?" አለችኝ።

"ስንት ሰው ጨመርሽ?"

ከሳሎን የጋሽ ንጋቱ ድምፅ ይሰማል፤ ለግድግዳው ይሁን ለራሱ አይታወቅም። "ሰው ገና ፊቱን ሳይታጠብ እንዲህ ይለመናል? እኔስ ድንጋይ ነኝ?"

እማዬ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች። "የወፍጮ ቤቷን ሴትዮ ረስቻታለሁ" አለችኝ። አልከለከልኳትም። በአንድ ጣቷ ፊደል እየፈለገች ስሟን ከላይ ጻፈችና ቀና አለች።

ሳሎን ውስጥ ስልክ ጮኸ።

"እሺ አልኩሽ እኮ፣ ጥሩዬ" አለ ጋሽ ንጋቱ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

እማዬ ዓይኗን ጠረገችና ወንበሬን ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። "ሌላ የረሳነው ሰው ይኖር ይሆን?" አለችኝ።